ማታ ማታ እግሬ አላስተኛ አለኝ፤ የስፌት መኪና ስረግጥ ግን ደህና ነኝ

ሰፊዋ ከሂርማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ከተማ ውስጥ ልብስ በመስፋት የምተዳደር የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ እግሬን ምንም አይሰማኝም፤ ማታ ሥራ ፈትቼ ጋደም ስል ግን ከጉልበቴ በታች፣ በተለይ ባቴ ውስጥ፣ አንድ ነገር የሚርመሰመስ ይመስለኛል። ሕመም ነው እንዳልል አያመኝም፤ ማሳከክ ነው እንዳልል ቆዳዬ ላይ አይደለም። ብቻ እግሬን ካላንቀሳቀስኩት የማብድ ይመስለኛል። ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ስመላለስ ወዲያው ይተወኛል፤ ተመልሼ ስተኛ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ እያልኩ ሌሊቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የምነቃበት ቀን ብዙ ነው።

ከጀመረኝ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በሳምንት አምስት ሌሊት ይመጣብኛል። ባለቤቴ «መኪናውን አልጋ ላይም ይዘሽው ትመጫለሽ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላም እረግጠዋለሁና አሁን ሌላ ክፍል ነው የሚተኛው። ለቅሶ ቤት እንኳ እንደ ሰው አረፍ ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ እየተነሣሁ ስወጣ «ምን አቻኮላት» መባሌን ሰምቻለሁ። እናቴም ማታ ማታ እግሯን በቅቤ ታሽ ነበር፤ ሁላችንም ቁርጥማት ነው እንል ነበር። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ብርድ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ፤ ለውጥ የለውም። በቅርቡ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል ብለውኝ የአለርጂ ኪኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ እወስዳለሁ፤ ዓይኔን ይከብደኛል፣ እግሬ ግን የባሰበት ይመስለኛል። ቡናውን እንደማንኛውም የጅማ ሰው እጠጣለሁ፤ ከእራት በኋላም ከጎረቤት ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ነው የምንነሣው።

ይህ ነገር ምን ይባላል? ሐኪም ዘንድ ስሄድስ ምን እንዲመረመርልኝ ልጠይቅ?

ፋርማሲስቱ

እኅቴ፣ የጻፉት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። በሕክምናው ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም ይባላል፤ እረፍት አልባ እግር ብንለው ያስኬዳል። ሐኪሙ ይህን ለመለየት ራጅ አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው እርስዎ ሳይጠየቁ የነገሩንን ነው፦ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት አለ ወይ፣ እረፍት ላይ ሲሆኑ ይነሣል ወይ፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል ወይ፣ ማታ ይብሳል ወይ። ስትራፖ ቢሆን ጡንቻው ድንጋይ ሆኖ ያሠቃያል፤ ከስኳር ሕመም የሚመጣ የነርቭ ጉዳት ቢሆን መርገጫዎ ያቃጥላል ወይም ይደነዝዛል፣ ተነሥቶ መሄድም እንዲህ ቶሎ አያስታግሰውም። እናትዎም እንደዚያ ይሆኑ ከነበረ አይግረምዎ፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ተኝተው መራገጥዎም የዚሁ ችግር ባልንጀራ ነው፤ ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ እንቅልፍ ላይ እግራቸው በየጊዜው ይፈናጠራል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ፌሪቲን እንዲታይልዎ ይጠይቁ፤ በሁሉም ላቦራቶሪ ላይሠራ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ። ሄሞግሎቢን ብቻ ታይቶ «ደም አለዎት» ቢባሉ በዚያ አይመለሱ። ፌሪቲን ሰውነት ያከማቸውን አይረን የሚያሳይ ሲሆን፣ 20 ወይም 30 ሲሆን ወረቀቱ ላይ «ደህና» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ለዚህ ችግር ግን ከ75 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ አይረን መውሰድ ይመከራል። ምክንያቱም ጉድለቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው፤ ደም ላይ የሞላ የሚመስል አይረን እዚያ ሊያንስ ይችላል፣ እንቅስቃሴን የሚያስተባብረው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ ያለ አይረን ሥራውን በወጉ አይሠራም። አነሰ ከተባለም ወዴት እንደሚሄድ ይፈለግ፦ የወር አበባዎ በዝቶ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ሰገራም ይታይ፤ እንደኛ ባለ ሞቃትና እርጥብ አገር ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር ገብቶ ደም ይመጥጣልና። ኩላሊትም ቢታይ ጥሩ ነው፤ ሲደክም ይህንኑ ያመጣል።

ስለ ቡናው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ካፌይን እንቅልፍ ያባርራል፣ ከጠጡት ውስጥ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በአንዳንዱ ሰው እግሩንም ያባብሳል። ጫት የሚቅሙ ከሆነም እንዲሁ። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳለቀ ከተጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ይዘው ያስቀራሉ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ይህን ያህል አይጎዳም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ይቆጠራል። የእኛ ልማድ ደግሞ ቡናውን ማስከተል ነው። «ጤፍ እየበላን እንዴት አይረን ያንሰናል?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን ብዙው አውድማው ላይ ሲወቃ የተቀላቀለ አፈር መሆኑን ስነግረው አያምነኝም።

ያንን የአለርጂ ኪኒን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ዳይፈንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን፣ እንዲሁም ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ይህን ችግር እንደሚያብሱ የታወቀ ነው። አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ያደርጉታል፤ እነዚያን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ እንዳያቋርጥ።

ጡረተኛው መምህር

ፋርማሲስቱ የሚባለውን ብሎታልና እኔ የኖርኩበትን ልጨምር። እኅቴ፣ ይህ ነገር ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎታል፣ ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1940ዎቹ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጥቶታል። እኔን ግን ብርድ ነው፣ የነርቭ ነው፣ አልፎ ተርፎም ዓይነ ጥላ ነው ያሉኝ አሉ።

መጀመሪያ ከውጭ አገር ያለ ዘመዴ ፕራሚፔክሶል የተባለ መድኃኒት ላከልኝ። በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ሁለት ዓመትም ደህና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ማታ መጠበቁን ትቶ ከሰዓት በኋላ ይጀምረኝ ገባ፣ ወደ ክንዴም ወጣ፤ እኔም አነሰኝ ብዬ መጠኑን ጨመርኩ፣ እሱም ባሰበት። ኋላ ሐኪም ሲያስረዳኝ ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ነው፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ እነ ጋባፔንቲን ይቀድማሉ። ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሲያስተወኝ ያሳለፍኳቸውን ሳምንታት ለጠላቴ አልመኝም። ጋባፔንቲንም ቢሆን ያፈዛል፣ መጠኑም እንደ ኩላሊት ሁኔታ ይወሰናል፤ ስለዚህ ከዘመድ የተላከ ኪኒን አይዋጡ።

ከመድኃኒት ውጭ፣ ሰውን ሁሉ የሚጠቅም አንድ ዘዴ አላገኘሁም። ለእኔ ባቴን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ይሻለኛል፤ ለባለቤቴ እኅት ግን ሙቅ ውኃ ነው። አመሻሽ ላይ በአዌቱ ወንዝ ዳር ግማሽ ሰዓት በእርጋታ እሄዳለሁ፤ ከልክ በላይ ስደክም ግን ይብስብኛል። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ስሄድ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ መጓዝ ስለሚከብደኝ፣ በጠዋቱ መኪና፣ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይዤ እሄዳለሁ፤ ወልቂጤ ሲቆም ሌላው ምሳ ሲበላ እኔ እዞራለሁ።

አንድ የደረስኩበት ነገር ቢኖር አእምሮን የሚይዝ ሥራ እግርን እንደሚያስረሳ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ አይበቃም፤ እኔ ስልኬ ላይ ቼዝ እጫወታለሁ። እርስዎ ደግሞ እጅ የሚፈልገውን ሥራ፣ ዘምዘማውንና ቁልፍ መትከሉን፣ ቀን ከመጨረስ ለማታ ያቆዩት። ለለቅሶውም በር አጠገብ ይቀመጡ፤ ለቅርብ ሰው አስቀድሞ መንገርም አያሳፍርም።

እናት ከቆጪ

እኔን የጀመረኝ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በሰባተኛው ወር ነበር፤ በወለድኩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ። የምታነቡ ነፍሰ ጡሮች ካላችሁ በክትትል ላይ ንገሩ እንጂ «የእርግዝና ነገር ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ለእኔ የተሰጠኝ አይረን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሰፊዋ ከሂርማታ

ከስምንት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሄሞግሎቢኔ 12.8 ሆኖ «ደም አለሽ» ተብዬ ልመለስ ስል ፌሪቲን ብዬ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ 14 ሆኖ ተገኘ። ሰገራዬ ንጹሕ ነው፤ የወር አበባዬ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ በጣም በዝቶ ነበርና ለዚያም ክትትል ጀምሬአለሁ። የአለርጂውን ኪኒን ካቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ቀለል አለኝ፤ አይረኑ ግን ለውጡን ያሳየኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው። አሁን በሳምንት ሁለት ሌሊት ቢመጣብኝ ነው፤ ጋሼ እንዳሉትም ቁልፉን ማታ እተክላለሁ።

ያስቸገረኝ ቡናው ነው። ጎረቤቶቼን ወደ ረፋድ እናዙረው ብላቸው ተኮረፍኩ፤ ኋላ ግን አንዷ «እኔም እግሬን እንዲሁ ያደርገኛል» ስትል ነገሩ ተለሳለሰ፣ ዛሬ ከምሳ ሁለት ሰዓት ቀድመን ነው የምናፈላው። ፋርማሲስት ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ኪኒኑ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሰገራዬንም አጥቁሮታል። ልተወው ወይ?

ፋርማሲስቱ

አይተዉት። መጥቆሩ ያልተመጠጠው አይረን ነው፣ አያስፈራም፤ ሬንጅ መስሎ ከተጣበቀና ከገማ ግን ይታዩ። ለሆድዎ፣ አንዱን ኪኒን በየቀኑ ከመዋጥ ይልቅ ቀን እያለፉ ስለመውሰድ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ሰውነት እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ከእያንዳንዱ ኪኒን የተሻለ ይመጥጣል። በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፣ በወተት ግን አይሁን። በሦስተኛው ወር ፌሪቲኑ እንደገና ይለካ፤ በኪኒን ካልጨመረ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ።