ኮሪያ የተሰዋው አያቴ፤ ዓመቱንና ሜዳሊያውን በተመለከተ እርዱኝ

የልጅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የእናቴ አባት አሥር አለቃ ነበር። ኢትዮጵያ ለጦርነቱ ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ እዚያው ወደቀ። ሲሄድ እናቴ ገና አልተወለደችም። አሁን እሷም እየደከመች ነው፤ ስሙ እብነ በረድ ላይ ተጽፎ ማየት ትፈልጋለች። ቀራጩ ጽሑፉን አምጡ ብሎናል። ቤተሰቡ ግን አልተስማማም።

አጎቴ «በ52 ነው የሞተው» ይላል። ኮሪያ የተነሣው ፎቶ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ «ኦክቶበር 52» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ደግሞ «መርዶው የመጣው በ45፣ እኔ ጡት ሳልጥል ነው» ትላለች። ሌላው ሜዳሊያው ነው። ክብ ነው፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ መስመር አለው። «የጀግና ሜዳሊያ ተሸላሚ» ብለን እንጻፍ? መቃብሩስ የት ነው? ቡሳን ነው የሚሉ አሉ።

መዝገብ ቤት፦
ዓመቱ ላይ አትጣሉ። ኦክቶበር 1952 በእኛ አቆጣጠር 1945 መግቢያ ላይ፣ ጥቅምት አካባቢ ነው። በእኛ 1952 ቢሆንማ ጦርነቱ ካበቃ ስንት ዓመቱ! ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው።

ግን ልብ በይ፦ ፎቶው ጀርባ ያለው ቀን ፎቶው የተነሣበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወር አትጻፉ፤ «1945 ዓ.ም.» ይበቃል። ቀኑ ሌላም ነገር ይነግረናል። አንደኛው ቃኘው በ1943 ሄዶ በ1944 በሁለተኛው ተተካ። ሦስተኛው የደረሰው በ1945 ሚያዝያ ላይ ነው። በጥቅምት እዚያ ከነበሩ አያትሽ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው ማለት ነው። ያኔ ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ነበር።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ያ ሰማያዊና ነጭ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ለዘመተው ሁሉ ነው የተሰጠው። የእኛዎቹ ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ገልብጪና እዪው። ክብር አለው፣ ግን የጀግንነት ሜዳይ አይደለም።

ፒያሳ ልጅ፦
ኧረ ጋሼ! ሰውየው ሕይወቱን ሰጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ጀግንነት አለ? ዝም ብላችሁ ጻፉት።

ጡረተኛው፦
ጀግና በሉት፣ ማን ከለከለ። «ተሸላሚ» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ትእዛዝ ወጥቶ፣ ስም ተጠርቶ የሚሰጥ ነገር ነው። በእውነት የተሸለሙ ጓደኞች ነበሩት። ሁሉንም ተሸላሚ ካልን የእነሱ ምን ሊባል ነው?

ይልቅ ሌላ ሜዳይ ካለ ፈልጉ። በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበር። እነሱን ወግቻለሁ ብሎ ደረት ላይ ማንጠልጠል አይሞከርም። ስንቱ ሜዳዩን ደብቆ ነው የኖረው። የዘመድ ሣጥን ሁሉ ይፈተሽ።

የልጅ ልጅ፦
ጋሼ፣ ምን እንደምልዎ አላውቅም። አክስቴ ዘንድ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተገኘ! ባለ አምስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ ነው። መሀሉ ላይ ሌላ ትንሽ ኮከብ አለ። ጥብጣቡ ቀይ ሆኖ መሀሉን ሰማያዊ ይወርዳል፤ ጀርባው እንግሊዝኛ ነው።

መዝገብ ቤት፦
ብሮንዝ ስታር ነው፤ የአሜሪካ ሜዳሊያ። ሲልቨር ስታር ቢሆን ያቺ የመሀሏ ኮከብ ብርማ ትሆን ነበር። ብሮንዝ ስታር ለጀግንነትም ለመልካም አገልግሎትም ይሰጣል። ጥብጣቡ ላይ የ«ቪ» ፊደል ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ካለች ለጀግንነት ነው።

ዋናው ማስረጃ ግን የሽልማት ትእዛዙ ነው። የዚያ ጦርነት የአሜሪካ ክፍለ ጦር ሰነዶች ያሉት ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ በኢሜይል ይጠየቃል። «7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ 1952 እና 1953» ብላችሁ በፈረንጁ አቆጣጠር ጻፉ። ስሙን በላቲን በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ስጧቸው። ጸሐፊው ጆሮው እንደሰማው ነው የጻፈው። የአባታቸውንም ስም አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ፈረንጅ የሚመዘግበው በመጨረሻው ስም ነው። እዚህ ደግሞ መከላከያን ጠይቁ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ሄዳችሁም የ1945ን አዲስ ዘመን ጋዜጣ አገላብጡ።

ሥላሴ ሰፈር፦
መቃብሩን በተመለከተ፣ ቡሳን አይደለም። የእኛ ሰዎች አስከሬን ወደ አገር ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። ቡሳን ያለው የ40,896 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሟቾችና የጠፉ ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ግድግዳ ነው። ከእኛ የተሰዉት 120 ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፤ ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ስሙን ለመፈለግ አያስቸግርም። አፍንጮ በር የዘማቾቹ መታሰቢያና የማኅበሩ ሰዎች አሉ፤ ከፎቶው ጋር ሂጂ። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ የሟች ልጅ ሲያዩ በደንብ ነው የሚያስተናግዱት።

የልጅ ልጅ፦
«ቪ»ዋ የለችም። ጥብጣቡ መሀል ላይ ግን ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ!

ፒያሳ ልጅ፦
አልኳችሁ! ወልቃ ጠፍታ ነው።

ጡረተኛው፦
ብልም ይበሳል፣ የእኔ ልጅ። ትእዛዙ ይምጣ።

የልጅ ልጅ፦
ቀራጩ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ምን ልበለው?

ጡረተኛው፦
ከስሙ ሥር እንዲህ ይጻፍ፦ «የቃኘው ሻለቃ አሥር አለቃ፤ በ1945 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት የተሰዉ፤ የብሮንዝ ስታር ሜዳይ ተሸላሚ።» ይህ ሁሉ በእጃችሁ ያለ ነው። «ለጀግንነት» የምትለዋን አሁን አታስቀርጹ። ከታች የአንድ መስመር ቦታ ባዶ እንዲተው ንገሪው፤ ወረቀቱ ሲመጣ ይጨምራታል። ሒሳቡንም አሁኑኑ አብረሽ ተነጋገሪ፣ ኋላ ለአንድ መስመር እንደ አዲስ እንዳያስከፍልሽ።