ሰርቨሩ ከቤት ዋይፋይ ይከፈታል፣ ከውጭ ግን አይከፈትም

ጥያቄ (መምህር፣ ሂርማታ)
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ መልመጃዎችን ከነአሠራራቸው የሚያገኙበት ድረ ገጽ ልሠራላቸው ብዬ፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የተባለውን ሥርዓተ ክወና ጫንሁ፤ ገጹን ለአንባቢ የሚያቀርበውን ፕሮግራም ኢንጂንኤክስንም አስነሣሁ። በቤቴ ዋይፋይ 192.168.1.20 ብዬ ስገባ ገጹ ወዲያው ይመጣል። በስልኬ ዳታ ስሞክር ግን ምንም የለም። ራውተሩ ፖርት 80ን እና 443ን፣ ማለትም የድረ ገጽ ጥሪ የሚገባባቸውን በሮች፣ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያስተላልፍ አድርጌአለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ ይጠፋና እኔ እስክመጣ ድረስ እንደጠፋ ይቆያል። ሦስት ሌሊት አደርሁበት፤ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ (ከመርካቶ)
መምህር፣ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎሉን ይመልከቱ። የኡቡንቱን ፋየርዎል ዩኤፍደብልዩን አብርተው ከሆነ 80ን እና 443ን መፍቀድ አለብዎት። ካላበሩት ደግሞ ከማብራትዎ በፊት 22ን ይፍቀዱ። ከሩቅ የሚገቡት በእርሱ ስለሆነ ከረሱት በሩን በራስዎ ላይ ይዘጉታል።

መልስ (የኔትወርክ ባለሙያ)
የ22ቱ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፋየርዎሉ ቢሆን ኖሮ ከቤት ዋይፋይም ባልተከፈተ ነበር። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍተው ከውጭ በኩል የተሰጠውን አይፒ አድራሻ ያንብቡ። ቀጥሎ ማንኛውም «አድራሻዬ ምንድን ነው» የሚል ገጽ ላይ የሚታየውን ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እየተጋራ ነው ማለት ነው። ይህ የቁጥር ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ አገልግሎት ተለይቶ የተመደበ ነው። እንዲያ ሲሆን ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ራውተርዎ ዘንድ ስለማይደርስ፣ ፖርት ማስተላለፉ ዋጋ የለውም። መውጫው ሁለት ነው፦ ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይም ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድ በተባለው የተመሰጠረ መስመር በሚዘረጋ ፕሮግራም ከቤትዎ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት።

መልስ (ከጅሬን)
መምህር፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተማሪዎቹ የት ሆነው ነው የሚያነቡት? ትምህርት ቤት ከሆነ ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግዎትም። ኮምፒውተሩንና አንድ ራውተር ክፍል ውስጥ ያኑሩ፤ ልጆቹ ካርድ ሳይሞሉ በስልካቸው ይከፍቱታል። ለዳታ የሚከፍለው የሌለው ልጅ ስንት ነው! እኔ ይህን ሳስብ ሌላው ሁሉ ትንሽ ይመስለኛል።
ለመብራቱ፦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከኡቡንቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ ያድርጉ። ከተቻለ ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ሳይገዙ አጭሩን መቋረጥ ያሳልፍልዎታል። ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ በሰሙ ቁጥር ከሶኬት ይንቀሉት። የመልመጃዎቹንም ቅጂ በፍላሽ ይያዙ፤ ዲስክ ሲሞት አያስጠነቅቅም።

ጠያቂው
አየሁት፤ የራውተሩ አድራሻ በ100.71 ይጀምራል። ሦስቱ ሌሊት ለካ በዚህ ነው የሄደው! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትምህርት ቤቱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ነገ ርእሰ መምህሩን አነጋግራለሁ። ግን ልጆቹ 192.168.1.20ን እንዴት ያስታውሳሉ?

መልስ (የኔትወርክ ባለሙያ)
በራውተሩ ላይ ያ ቁጥር ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ እንዲሰጥ ያስይዙና ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉት። አንድ ነገር ግን ቀድመው ይንገሯቸው፦ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሲጠይቅ እንደተገናኙ መቆየትን ይምረጡ፣ ዳታቸውንም ያጥፉ። አለበለዚያ ስልኩ በራሱ ወደ ዳታ ይመለስና ገጹ የተበላሸ ይመስላቸዋል።