የኪራይ ጭማሪን መገደብ ብቻውን ተከራዩን ይጠብቀዋል?

ጥያቄ (ተከራይ)፦
በብዙ አገሮች በግል መኖሪያ ቤቶች ኪራይ ላይ የሚጣለው ዓመታዊ የጭማሪ ጣሪያ የሚጸናው ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ አከራዩ ከአዲሱ ተከራይ ጋር በፈለገው ዋጋ ይዋዋላል። እንዲህ ከሆነ ሕጉ ራሱ ነባሩን ተከራይ ለማስወጣት አይገፋፋም ወይ? በጉዳዩ ዕውቀት ያላችሁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
ይገፋፋል። ነባሩ ኪራይና የገበያው ዋጋ በተራራቁ ቁጥር ቤቱን ማስለቀቅ የሚያስገኘው ጥቅም ያድጋልና፣ የማስለቀቂያ ምክንያቶችን አንድ በአንድ ያልዘረዘረ የጭማሪ ጣሪያ በእኔ አስተያየት ግማሽ ሕግ ነው። ኪራይ አለመክፈልና በቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስ ብዙ አያከራክሩም። አስቸጋሪው ባለቤቱ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ሲፈልገው ነው፤ «ልጄ ሊገባበት ነው» ብሎ ያስለቀቀ አከራይ ብዙም ሳይቆይ ቤቱን በእጥፍ ቢያከራየው፣ የወጣው ተከራይ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ካልተበጀለት የመክሰስ መብቱ ከወረቀት አያልፍም። ውሎች ሲመዘገቡ የቀድሞው ኪራይ አብሮ ቢሰፍር ግን ማጭበርበሩ ከመዝገቡ ይነበባል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የቤት እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች የአዲስ ውል ኪራይ ከአካባቢው ማነጻጸሪያ ኪራይ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ ደንግጋለች፤ ነገር ግን ለጊዜያዊ መጠቀሚያ የሚከራዩ ቤቶች ከገደቡ ነፃ በመሆናቸው እዚያም ቀዳዳ አልጠፋም።

መልስ (የቤት አልሚ)፦
ጣሪያውን ተከራይ ሲለወጥም እንዳይነሣ ማድረግ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይመስላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። በአሜሪካ የሴንት ፖል ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በድምፃቸው ያጸደቁት የ3 በመቶ ጣሪያ ከቤቱ ጋር የሚሄድ፣ አዲስ የሚሠሩትንም ቤቶች የሚያካትት ነበር። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ወዲያው ስላሽቆለቆለ ከተማዋ በማግስቱ ዓመት አዳዲስ ቤቶችን ለ20 ዓመት ነፃ አደረገች፤ ተከራይ በሕጋዊ መንገድ ሲለቅም ከ3 በመቶ በላይ መጨመርን ፈቀደች።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ምዝገባው አንድ ነገር ልጨምር፦ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ገንዘብ ተጽፎ ልዩነቱ በእጅ ቢከፈል መዝገቡ ምን ይፈይዳል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ወሳኙ ሕጉ የሚቀጣው ማንን እንደሆነ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚቀጣ ከሆነ ተከራዩ ቤቱንም ገንዘቡንም እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ይላል፤ ልዩነቱን ያለ ቅጣት ማስመለስ እንደሚችል ከተደነገገለት ግን የስልክ መልእክቱንና የምስክሮቹን ስም ይዞ የሚቀርበው እርሱ ራሱ ነው።