የሲያትልና የታኮማ ጋራዥ ሮክ፦ ከየትኛው ሸክላ መጀመር፣ የት መግዛት፣ በምን ማጫወት

በሲያትልና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ የ1960ዎቹን የወጣቶች ሙዚቃ በተለይም ጋራዥ ሮክ የሚባለውን፣ ማለትም ጀማሪ የወጣት ባንዶች የሚጫወቱትን ሻካራ ሮክ፣ ለመስማት የፈለጋችሁ፣ ወይም በልጅነታችሁ ሰምታችሁት አሁን የናፈቃችሁ ካላችሁ የሚከተለው ጥቆማ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ለጀማሪ በቅድሚያ የሚጠቁመው «ነጌትስ» የተባለውን የጋራዥ ሮክ ዘፈኖች ስብስብ ነው። እኔ ግን መጀመር ያለበት እዚሁ ሰፈራችን ከተቀረጸው ሙዚቃ ነው እላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ነጌትስ»ን ማቃለሌ ግን አይደለም። ሌኒ ኬይ በ1972 ኤሌክትራ ለተባለው አሳታሚ ያዘጋጀው የመጀመሪያው እትም በሁለት ሸክላ 27 ዘፈኖችን የያዘ ሲሆን፣ በአብዛኛው በትንሹ ባለ 45 ዙር ሸክላ ወጥተው ሊረሱ የተቃረቡ ሥራዎችን አንድ ላይ በማምጣቱ ትልቅ ውለታ ውሏል። ራይኖ የተባለው አሳታሚ በ1998 አስፍቶ በአራት ሲዲ ሲያወጣው የዘፈኖቹ ቁጥር 118 ደረሰ። ለለመደ ጆሮ ይህ ሀብት ነው፤ ለአዲስ ሰው ግን ያን ያህል ዘፈን በተከታታይ መስማት አድካሚ ነው፣ አሥረኛው ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ መስሎ ይሰማዋል። በ1972ቱ እትም ደግሞ ከታኮማ አንድም ባንድ አልተካተተም፤ ይህን ለእዚህ አካባቢ ነዋሪ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዘ ሶኒክስ በ1965 ያወጡት «ሂር አር ዘ ሶኒክስ» ነው። ባንዱ የታኮማ ልጆች ስብስብ ነው፦ ወንድማማቾቹ ላሪና አንዲ ፓራይፓ ሊድና ቤዝ ጊታር፣ ሮብ ሊንድ ሳክስፎን፣ ቦብ ቤኔት ድራም ሲጫወቱ፣ ጄሪ ሮዝሊ ደግሞ ኪቦርዱን እየመታ ይዘፍን ነበር። ስማቸው የተወሰደው ከአውሮፕላን ነጎድጓድ ነው፤ በአንድ በኩል የቦይንግ ፋብሪካዎች፣ በሌላ በኩል የጦር አየር ማረፊያ ባለበት አካባቢ ለሚያድግ ወጣት ይህ የዕለት ተዕለት ድምፅ ነበር። (ቦይንግን በአየር መንገዳችን በኩል ብቻ የምናውቅ ሰዎች የሮክ ባንድ ስም ምንጭ ሆኖ ስናገኘው ፈገግ ማለታችን አይቀርም።) ቀረጻውን ያከናወነው ኬርኒ ባርተን የተባለው የሲያትል የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ የተጠቀመበትም ሁለት ትራክ (የድምፅ መስመር) ብቻ ያለው ቴፕ ነው። ድራሙ በአንድ ማይክሮፎን ስለተያዘ እያንዳንዱ ምት ከጊታሩ ጋር ተጋጭቶ ይወጣል፤ ሮዝሊ ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ከቴፑ አቅም በላይ ሆኖ ሲሰነጠቅ በግልጽ ይሰማል። በዛሬ ስቱዲዮ እንዲህ ያለው ቀረጻ ወዲያውኑ ይጣል ነበር፤ የዘፈኖቹ ጉልበት ግን ያለው በዚሁ ስንጥቅ ውስጥ ነው። «ዘ ዊች» እና «ሳይኮ» ከዚህ ሸክላ ላይ ቀድመው ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው። «ስትሪክናይን» መርዝን እንደ ጥሩ መጠጥ የሚያወድስ ዘፈን ስለሆነ፣ ለልጆቻቸው የሚገዙ ወላጆች አስቀድመው ቢሰሙት አይከፋም።

ሁለተኛው ምርጫዬ ትልቅ ሸክላ ሳይሆን አንድ ዘፈን ነው። ዘ ኪንግስመን በሚያዝያ 1963 ፖርትላንድ ውስጥ የቀረጹት «ሉዊ ሉዊ» በዓመቱ መጨረሻ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ግጥሙ በደንብ ስለማይሰማ ብልግና አለበት የሚል ወሬ ተነሥቶ ኤፍ ቢ አይ ድረስ ሄዶ ተመርምሯል፤ መርማሪዎቹም ቃላቱን ለይተው ማውጣት አቅቷቸው ፋይሉ ያለ ውጤት ተዘግቷል። ስትሰሙት ከጊታር ሶሎው ማብቂያ በኋላ ያለውን ቅጽበት ልብ በሉ፤ ዘፋኙ ጃክ ኢሊ ሰዓቱ ሳይደርስ ይገባና ወዲያው ዝም ይላል፣ ድራመሩ ክፍተቱን በፈጣን ምት ይሞላለታል፣ ከዚያም አንዱ ስንኝ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስሕተቱ ሳይታረም ታተመ፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑን የተጫወቱ ብዙ ባንዶችም አውቀው ደገሙት።

ሌላውን የታኮማ ባንድ ዘ ዌይለርስን ከሁለቱ ቀጥሎ ማድረጌ አንዳንድ ሰዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ምክንያቱም በዕድሜም በተጽዕኖም ታላቆቹ እነሱ ናቸው። «ቶል ኩል ዋን» የተባለው የመሣሪያ ሙዚቃቸው የታወቀው በ1959 ነው፤ በ1961 ደግሞ ኤቲኬት የተባለ የራሳቸውን አሳታሚ አቋቁመው በኋላ የሶኒክስን ሸክላዎች ያወጡት እነሱ ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥትን የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን ማቋቋሙንና የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ማውጣቱን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ወጣቶች የራሳቸውን ድምፅ ራሳቸው ለማሳተም የወሰዱት ይህ ድፍረት እንግዳ አይሆንበትም። ሆኖም የዌይለርስ ቀረጻ ለስለስ ያለ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ቀን የሶኒክስን ያህል አያስደነግጥም።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ በዌስት ሲያትል የሚገኘው ኢዚ ስትሪት ሪከርድስ ካፌም ስላለው ረጋ ብሎ ሸክላ ለማገላበጥ ይመቻል፤ ያገለገሉ ሸክላዎችንም ይሸጣል። በሲያትል ሴንተር፣ ኬ ኢ ኤክስ ፒ ሬዲዮ ጣቢያ ባለበት ሕንፃ የሚገኘው ላይት ኢን ዚ አቲክ የተባለው አሳታሚ መደብር ግን ጠባብ ነው፤ ብልጫው በጥንቃቄ የታደሱ እትሞችን መያዙ ነው። ይኸው አሳታሚ በ2004 ያወጣው «ዊድልስ ግሩቭ» የሲያትል ጥቁር ሙዚቀኞችን የሶልና የፈንክ ሥራዎች ስለሚይዝ፣ ከጋራዥ ሮክ ጎን ለጎን ቢሰማ ከተማዋን የበለጠ ያሳያል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ለመገበያየት ኢዚ ስትሪትን፣ ለመጠየቅና ለመማር ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የሶኒክስን የመጀመሪያ የኤቲኬት እትም ለሰብሳቢዎች ተዉላቸው፤ ዋጋው ከሚሰጠው ድምፅ ጋር አይመጣጠንም። ኖርተን የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ያወጣው ድጋሚ እትም ይበቃል። ያገለገለ ሸክላ ስትገዙ ከሽፋኑ አውጥታችሁ በብርሃን ስር አዘንብላችሁ እዩት፤ ለዓይን ብቻ የሚታየው ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ በጥፍር ስትዳስሱት የሚይዛችሁ ጭረት ግን በእያንዳንዱ ዙር ይንኳኳል። ሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚወጣበት) የሚል እትም ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፤ በዘመኑ የነበረው ድምፅ እንዲያ ነው።

በሻንጣ መልክ የሚሸጡትን ርካሽ ማጫወቻዎች አልመክርም፤ መርፌያቸው ስለሚከብድ ሸክላውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ 60 የተባለው ማጫወቻ መርፌውን የያዘውን ክንድ ራሱ አንሥቶ ስለሚያስቀምጥ ለጀማሪ ይስማማል፣ ነገር ግን የክንዱን ክብደት ማስተካከል አይቻልም። የዚሁ ድርጅት ኤልፒ 120 ይህን ስለሚፈቅድ ያገለገሉ ሸክላዎችን አዘውትሮ ለሚገዛ ሰው የዋጋ ልዩነቱን ያካክሳል።

ፖል አለን ያሠራውና በ2000 የተከፈተው ሞፖፕ የተባለው የሲያትል የፖፕ ባህል ሙዚየም መነሻው የጂሚ ሄንድሪክስ ቅርስ ስለሆነ፣ ጋራዥ ሮክን ብቻ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ከመግቢያ ዋጋው አንጻር አይመከርም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ሳውንድ ላብ የተባለውን ክፍል እጠቁማለሁ፤ ልጆቹ ጊታርና ድራም ይዘው እንዳሻቸው የሚሞክሩበት ነውና የሁለት ሰዓት ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል።