አንድ ዶዝ ይበቃል? የኮሌራ የአፍ ክትባት ክርክርና የእንስሳት አንጀት ምስክርነት

ቤዛ፦
ጉዳዩ ይኸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ክምችቱ በመመናመኑ፣ ዓለም አቀፉ የክትባት አቅርቦት አስተባባሪ ቡድን ለወረርሽኝ የሚላከውን የኮሌራ የአፍ ክትባት ከሁለት ዶዝ ወደ አንድ አወረደው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ባሌ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ገና እየሰፋ ስለነበር ነገሩ እኛንም ይመለከታል። እኔ የምለው፦ ይህን የወለደው እጥረት ነው፤ አንጀት እንዴት እንደሚከላከል ያጠናው ሳይንስ አይደለም። አንድ ዶዝ እንደ መደበኛ አሠራር እንዳይለመድ እሰጋለሁ።

ከአይጠ መጎጥ ልጀምር። ፒርስና ጎዋንስ በ1975 ባሳተሙት ሥራ የኮሌራ ቶክሶይድ (መርዝነቱ የተወገደ የኮሌራ መርዝ፣ ማለትም ቶክሲን) ሰጥተው፣ በጀጁነም (የቀጭን አንጀት መካከለኛ ክፍል) ላሚና ፕሮፕሪያ፣ ማለትም ከአንጀቱ ሽፋን ሥር ባለው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ፀረ ቶክሲን የያዙ ሴሎችን ቆጠሩ። ሴሎቹ በብዛት የታዩት አስቀድሞ በተነቃ፣ ማለትም ቶክሶይዱን አንድ ጊዜ ባየ እንስሳ ላይ ቶክሶይዱ እንደገና በዱኦዲነም (የቀጭን አንጀት መጀመሪያ) በኩል ሲገባ ነው። ሴሎቹ መንገደኞች ናቸው፤ ከፔየርስ ፓች (አንጀት ግድግዳ ላይ ካሉ የመከላከያ ሴሎች ክምችት) ተነስተው በሊምፍ ወደ ደረት ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ደም ይሄዳሉ፣ ከደም ተመልሰው አንጀት ውስጥ ይሰፍራሉ። ሊምፉ ከደረት ቱቦው እንዲፈስ ሲደረግ የአንጀቱ ምላሽ ክፉኛ ቀነሰ። ሀዝባንድና ጎዋንስ ደግሞ በ1978 ከቀሪው አንጀት ተነጥሎ የወጣ፣ ደም ሥሩ ያልተነካ ቁራጭ ላይ ሠርተው፣ አንቲጅን (ሰውነት ምላሽ የሚሰጥበት ባዕድ ነገር) የነካው ቁራጭ ካልነካው የበለጠ ሴል እንደሚይዝ አሳዩ። ሁለተኛው ዶዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ደረጀ፦
ቤዛ፣ ጥናቶቹን በትክክል ጠቅሰሻል፤ ድምዳሜሽ ግን ከእነሱ አይወጣም። አንደኛ፣ ያ አይጠ መጎጥ የተነቃው በሆድ ዕቃው ውስጥ በመርፌ፣ ከፍሮይንድ አጋዥ (ምላሽን የሚያጠናክር የዘይት ቅልቅል) ጋር በተሰጠ ቶክሶይድ ነው። እንዲህ አድርገን የምንከትበው ሰው የለም። ሁለተኛና ዋናው፣ በ2022 ከክምችቱ ይመጡ የነበሩት ክትባቶች ሻንኮልና ዩቪኮል የቶክሲኑ ቢ ንዑስ ክፍል (ከአንጀት ሴል ጋር የሚጣበቀው፣ ራሱ የማይመርዘው) የላቸውም። የተገደሉ ሙሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ጥበቃቸው በዋናነት በባክቴሪያው ገጽ ላይ ባለው ኦ አንቲጅን ላይ ከሚነሳ ፀረ እንግዳ አካል ይመጣል። ቢ ንዑስ ክፍል ያለው ዱኮራል የተባለው ሌላው ክትባት ነው፣ በአንድ ዶዝ 1 ሚሊግራም፣ ያውም ከባይካርቦኔት ውሃ ጋር።

ሁለቱ መንገዶች እንደሚለያዩ ደግሞ በሰው ላይ ታይቷል። ባንግላዴሽ፣ ማትላብ፣ በ1985 በተጀመረው ሙከራ ሦስት ዶዝ ተሰጥቶ፣ በስድስተኛው ወር ቢ ንዑስ ክፍል ያለው 85%፣ የሌለው 58% ጠበቀ። በሦስት ዓመት ድምር ግን ሁለቱም 50% አካባቢ ተገናኙ። ስለዚህ ፀረ ቶክሲን የቆጠረ ጥናት ሁሉ ስለ ዩቪኮል ይመሰክራል ማለት አይቻልም።

ሂሳቡን እንየው። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ አንድ ዶዝ በስድስት ወር ውስጥ ከማንኛውም ኮሌራ 40%፣ ከከባዱ ድርቀት 63% ጠብቋል። ህንድ፣ ኮልካታ ላይ ሁለት ዶዝ በአምስት ዓመት 65% ሰጥቷል። ሙከራዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ንጽጽሩ ሻካራ ነው፤ ግን 100,000 ዶዝ በእጅህ ቢኖርና ለ100,000 ሰው አንድ አንድ ብታድል 40,000 ያህል ሰው የሚጠበቅበት ሚዛን ነው፤ ለ50,000 ሰው ሁለት ሁለት ብትሰጥ 32,500። ወረርሽኝ እየነደደ ሁለተኛውን መርጦ ግማሹን ሕዝብ ባዶ መተው ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሲስተር አልማዝ፦
ደረጀ ልጄ፣ ሂሳብህ አንድ ነገር ዘሏል፤ ሕፃናቱን። በዚያው በዳካ ሙከራ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት አንድ ዶዝ ይህ ነው የሚባል ጥበቃ አላሳየም። 40%ህ ለእነሱ አይሠራም። አዋቂው ኮሌራ በሚመላለስበት አገር ያደገ ነው፣ አንጀቱ ባክቴሪያውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አንዱ ዶዝ ለእሱ ማስታወሻ ነው። ሕፃኑ ግን በቤዛ አነጋገር ገና ያልተነቃ ነው። የኛ ቆላማ ወረዳዎች ላይ ደግሞ ኮሌራ ለዓመታት ሳይታይ ቆይቶ ድንገት የሚገባባቸው ቀበሌዎች አሉ። እዚያ አዋቂውም እንደ ሕፃኑ ነው።

ሀብታሙ፦
ሲስተር እንዳሉት ነው፤ የእንስሳቱን ማስረጃ የምናነብበትም ቁልፍ ያው ነው፣ እንስሳው ከዚህ በፊት ምን አይቷል የሚለው። ከዚያ በፊት ግን የቤተ ሙከራውን ጉድለት ልዘርዝር፤ ሁለታችሁም ከሚገባው በላይ አምናችሁታል።

አዋቂ አይጥ ኮሌራ አይዘውም። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ነዋሪ ባክቴሪያዎች ቪብሪዮውን (የኮሌራ ባክቴሪያን) ያባርሩታል። ስለዚህ አዋቂው ላይ የምንለካው ምላሽን እንጂ ጥበቃን አይደለም። ጥበቃን ለማየት የአምስት ቀን ገደማ ግልገል አይጥ ይወሰዳል፤ ግልገሉ ግን ራሱ ምላሽ ለመስጠት አልደረሰም፣ የሚጠብቀው የተከተበች እናቱ ፀረ እንግዳ አካል ነው። የተከተበው አንዱ፣ የተፈተነው ሌላው ማለት ነው። አዋቂ ጥንቸል ላይ አንጀቱን ለጊዜው አስሮ ባክቴሪያውን ከሚያስገባው ዘዴ ወይም ከውሻ በቀር፣ ራሱ ተከትቦ ራሱ የሚፈተን እንስሳ ብዙ የለም። የውሻው ሥራ ለዚህ ነው ዋጋ ያለው፤ እዚያ ጥበቃው በጀጁነም ካሉት ፀረ ቶክሲን ሴሎች ጋር አብሮ ሄዷል።

ልኬቱም ወጥመድ አለው። በአፍ ሲሰጥ የጨጓራ አሲድ ካልተገታ አንቲጅኑ ይበላሻል፤ የተለመደው ለአንድ አይጥ 10 ማይክሮግራም ቶክሲን በ3% ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፣ በጋቬጅ ቱቦ (በአፍ ወደ ጨጓራ በሚገባ ቀጭን ቱቦ)። ቱቦው ከአፍ እስከ መጨረሻው ጎድን አጥንት ተለክቶ ካልገባ መጠኑ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ከተረፈችም ያቺ አይጥ የምትሰጠው ውጤት የአንጀት አይደለም። ሰገራ ሲሰበሰብ 100 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር ባፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ)፣ በረዶ ላይ፣ ከአኩሪ አተር ትሪፕሲን መግቻና ከፒኤምኤስኤፍ ጋር፤ ሁለቱም ፕሮቲን በሊታ ኢንዛይሞችን ይገታሉ። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው የሚጨመረው፤ ጠዋት ተዘጋጅቶ ከሰዓት የዋለ ባፈር አይጂኤውን (የአንጀቱን ዋና ፀረ እንግዳ አካል) ከመበላት አያድነውም። ውጤቱም ከጠቅላላው አይጂኤ ጋር ተነጻጽሮ ካልተጻፈ፣ አንዷ አይጥ ውሃ ስለጠጣች ብቻ የተለየች ትመስላለች።

የአይጠ መጎጡ ጉበት ደግሞ ሌላ ነው። የጉበት ሴሎቹ አይጂኤን ከደም አንስተው ወደ ሐሞት ያስተላልፋሉ፤ የሰው ጉበት ሴሎች ይህን አያደርጉም። አንጀት ሲታጠብ የሚገኘው አይጂኤ ከፊሉ በሐሞት የመጣ ነው፤ ይህን ቁጥር እንዳለ ለሰው ማዋል ያሳስታል። ቤዛ የጠቀሰቻቸው ሥራዎች ከዚህ የሚድኑት ፈሳሹን ትተው ሴሉን ስለቆጠሩ ነው።

ደረጀ፦
ይህ የኔን ነጥብ ያጠናክራል። በዚያ ላይ ኮሌራ በሚመላለስባቸው አገሮች ከሻንኮል ሁለተኛ ዶዝ በኋላ ቪብሪዮ ገዳይ (ባክቴሪያውን የሚገድለው) ፀረ እንግዳ አካል ከመጀመሪያው ዶዝ በላይ አልወጣም። ሕያው ክትባትም እየመጣ ነው፤ ሀይቲቪ የተባለው ዕጩ ግልገል ጥንቸሎችን በአንድ ዶዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠብቋል።

ሀብታሙ፦
ሀይቲቪን እዚህ አታስገባው። በ24 ሰዓት ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም፤ ሕያው ባክቴሪያው አንጀቱን ቀድሞ ስለያዘ ነው። በፋብሪካ የተገደለ ባክቴሪያ ይህን ማድረግ አይችልም።

ቤዛ፦
ቪብሪዮ ገዳዩ የሚለካው ከደም ነው፣ ደረጀ። ደም ውስጥ ስላልጨመረ አንጀት ውስጥም አልጨመረም ማለት አይቻልም። ሴሎቹ ደም ውስጥ የሚታዩት ከዶዙ በኋላ አንድ ሳምንት ገደማ ሲያልፉ ነው፤ ከዚያ አንጀት ገብተዋል።

የእጥረቱን ነገር ግን አልክድም፤ ስለዚህ ጥያቄው መቼ ይሰጥ የሚል ይሁን። ሊኬና ሆልምግረን በ1980ዎቹ አይጦችን በቶክሲን በአፍ ከትበው፣ ማስታወሻ ሴሎቹ እስከ ሁለት ዓመት ቆይተው አዲስ አንቲጅን ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ፀረ ቶክሲን ሲያመነጩ አሳይተዋል። የሰውም ማስረጃ አለ፤ ዛምቢያ ላይ ሁለተኛው ዶዝ ስድስት ወር ዘግይቶ ሲሰጥ የደም ምላሹ በሁለት ሳምንት ከተሰጠው አላነሰም። እንግዲያው አሁን አንድ አንድ አድለን ክምችቱ ሲሞላ ሁለተኛውን መመለስ እንችላለን። የማልቀበለው «ተከትበዋል» ተብሎ መዝገቡ ሲዘጋ ነው።

ደረጀ፦
ዘግይቶ መስጠቱን እቀበላለሁ። ለዚህ ሲባል ግን አዲስ ወረርሽኝ የገባበት ወረዳ የመጀመሪያውን ዶዝ እንዳይጠብቅ። ቅድሚያው ለመጀመሪያው ነው።

ሲስተር አልማዝ፦
ለአዋቂው ይሁን። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት ግን በሁለት ሳምንት ወይም በተቻለ ፍጥነት ሁለተኛው ይድረሳቸው፤ ቁጥራቸው ከጠቅላላው ትንሽ ስለሆነ ክምችቱን አያናጋም። ይህ እንዲሆን ዛሬውኑ የመቁጠሪያ ወረቀቱ ዕድሜን ለይቶ ይያዝ፣ ካርዱ ላይ የዶዙ ቀንና የክትባቱ ስም ይጻፍ፣ ካርዱ ቢጠፋ እንኳ እንዲገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማኅደር ላይ ይመዝገብ። ክትባት ሰጪውም የክትባቱን ቱቦ ሳይነቀንቅ አይክፈት፤ የተገደለው ባክቴሪያ ከታች ይዘቅጣልና ያልተነቀነቀ 1.5 ሚሊ ሊትር ሙሉ ዶዝ አይሆንም። ሕፃኑ መዋጡን ደግሞ አፉን አይቶ ያረጋግጥ።