ጋዛኒያዬ በክረምቱ እየበሰበሰብኝ ነው፤ ምን ይሻላል?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። ከአጥራችን ውጭ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ጋዛኒያ የሚባለውን አበባ ተክዬ ነበር። ግንቦት ላይ ቢጫውና ብርቱካንማው መሬቱን ሸፍኖት መንገደኛው ቆም ብሎ ያየው ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን መሀል መሀሉ እየጠቆረ ይሞታል። የቀረውም እምቡጥ ይይዛል እንጂ አይፈካም። አፈሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ፍግ ጨምሬበታለሁ። በሽታ ይሆን? መድኃኒት ልርጭበት?

አትክልተኛው፦
እህቴ፣ ለመድኃኒት ገንዘብ አታውጪ። የጠየቅሽው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አለመፍካቱ ጤናው ነው። ጋዛኒያ ማታ ይከደናል፤ ቀኑ ደመና ከሆነም እንደተከደነ ይውላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ፀሐይ ታገኛለች? መስከረም ሲጠባ ራሱ ይከፈታል።

መጥቆሩ ግን ከውሃ ነው። ይህ ተክል አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ውሃ የማይቋጥር አሸዋማ መሬት ይወዳል። ጥቁር አፈር ደግሞ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ውሃውን አልለቅም ይላል። ቅጠሎቹ የሚነሱባት እምብርት ጭቃ ውስጥ ስትከርም ትበሰብሳለች። እስቲ አንድ ቅጠል ቀስ ብለሽ ሳቢ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ሙልጭ ብሎ ከመጣና ከሸተተ ያ ተክል አልቆለታል፤ ንቀይው። አልነቀል ካለሽና ከታች ነጣ ብሎ ጠንካራ ከሆነ ይተርፋል።

ከሚተርፉት ላይ ዳር ዳሩን የወጡትን ቀንበጦች በንጹሕ ቢላ ከሥራቸው ቁረጪ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥተሽ አሸዋ ውስጥ ሰኪያቸው። ዝናብ የማይመታው፣ ብርሃን ግን የሚያገኝ በረንዳ ላይ ይቀመጡ። አሸዋው ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። በወር ገደማ ሥር ይሰዳሉ።

የምትተክያቸው ከመስቀል በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን እዚያው ረባዳ መሬት ላይ እንዳትመልሻቸው። መደብ ሥሪ፣ ከመሬቱ 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከአፈሩ ጋር ሻካራ አሸዋ ወይም ለብሎኬት የሚሆነውን ፑሚስ (ቀላሉን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) በደንብ ቀላቅይበት። በተክልና በተክል መሀል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ራሱ ይገጥማል። ፍጉን ተዪው፤ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። በጋ ላይ ከያዘ በኋላ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ያኖረዋል። የደረቀ አበባ ካየሽ ከነዘንጉ ቁረጪ፣ አዲስ ያወጣል።

ሰናይት፦
ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጠይቅሽ አጥርሽ ወዴት እንደሚያይ ነው። በጋ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከአጥር በስተሰሜን ያለ ቦታ ጥላ ይወድቅበታል። ሁለት ሜትር አጥር ታኅሣሥ ላይ በቀትር እንኳን ከአንድ ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ጋዛኒያ እዚያ አያብብም። ለጥላ ኢምፔሸንስ የሚባለው አበባ ይሻልሻል፣ እሱ እርጥበትም አይጠላም።

ከሜልቦርን፦
እዚህ ጋዛኒያ ያለ እንክብካቤ ይበቅላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ዘሩን ነፋስ ይወስደውና መንገድ ዳርና የባሕር ዳርቻ ላይ አረም ይሆናል። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ መሸጡም ክልክል ነው። እባክሽ የደረቀውን አበባ ሳይበተን ቁረጪ፤ የነቀልሽውንም ሜዳ ላይ አትጣይው።

የሰሚቷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳብኩት፤ በር በኩል ካለው አብዛኛው አልነቀል ብሏል። ቤታችን የጥግ ስለሆነ አንዱ ጎን ወደ ሰሜን ያያል፤ እዚያ ያለው ባለፈው በጋም አበባ አልሰጠኝም። ኢምፔሸንስ አደርግበታለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ በመሀሉ ሰርዶ ገብቷል። ምን ላድርገው?

አትክልተኛው፦
ሰርዶውን አሁኑኑ አውጪው፤ አፈሩ ርጥብ ሳለ ነው ከነሥሩ የሚመጣልሽ። በእጅ አትመንጭቂው፣ ይበጠስና ከየቁራጩ ይበቅላል። በሹካ መቆፈሪያ ፈንቅለሽ ነጩን ሥር እስከ መጨረሻው ልቀሚ። መደቡ ከተሠራ በኋላ ከጋዛኒያው ሥር ለይቶ ማውጣት በጣም አስቸጋሪ ነው።