የብራና ፎቶ ስንተይብ ፊደሉን እናርም ወይስ እንዳለ እንተወው?

ጣና ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባህር ዳር ነኝ። አምስት ሆነን ማታ ማታ የድሮ ብራና ፎቶ እያየን በላፕቶፕ እንተይባለን፣ ግዕዝ በደንብ የሚችለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ትናንት እዚያው ገጽ ላይ ጸሐፊው አንዴ "ሰማይ" አንዴ "ሠማይ" ብሎ አገኘሁና አስተካከልኩት፣ ጓደኛዬ ደግሞ ተናዳ መለሰችው። የቱ ነው ልክ?

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ፦ ጓደኛህ ልክ ናት ወንድሜ። እንዳለ ተይቡት፣ እርማቱን ማስታወሻ ላይ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን የሚያቀያይርበት መንገድ ራሱ ለተመራማሪ መረጃ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈውንም ምልክት አድርጉበት። ደሞ በናታችሁ ህዳጉን አትዝለሉ!! የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ እዚያ ነው የሚገኘው፣ ብዙ ጊዜም በአማርኛ ነው።

ሰዓሊተ፦ እኔን ያስለቀሰኝ ቁጥር ነው፣ ፮ እና ፯ ቀለሙ ሲደበዝዝ አይለዩም። አንዱን ገጽ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተይብና አወዳድሩ፣ የተለያያችሁበትን ብቻ ግዕዝ አዋቂው ይይ።

ኮደሩ፦ እንደ ትራንስክሪበስ ያለ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ማሰልጠን ካሰባችሁም ማረም አያዋጣም፣ ማሽኑ ፎቶው ላይ ሠ እያየ እናንተ ሰ ካላችሁት የሚማረው ስህተት ነው። ከጣና ደሴቶች ብራናዎች የተወሰኑትን እኮ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ብራና ተመራማሪው ኧርነስት ሐመርሽሚት ፎቶ አንስቷቸዋል፣ ፎቶ ከተነሳ ቆየ፣ የጎደለን የሚተይብ ሰው ነው።

ጣና ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያረምኩትን ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። ሰዓሊተ፣ ያስቸገረን ፮ ይሁን ፯ ያልለየነው አንድ አለ፣ ፎቶውን ልለጥፈው?